ጊዜ ሰውን አያሰናብትም

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ በአገራችን ሰው በደል ሠርቶ የሠራበትን እጅ ለመሸሸግ ሲፈልግ የሚጠራው አንድ ምስኪን አለ። ስሙ ጊዜ ይባላል። ልጅ አባቱን ቢያዋርድ «ጊዜው ነው» ይባላል፤ ነጋዴ ሚዛን ቢያጎድል «ጊዜው ነው» ይባላል፤ ዳኛ ቀጠሮ ቢያበዛ አሁንም «ጊዜው ነው» ይባላል። ጊዜ አፍ የለውምና አይከራከርም፤ ስለዚህ ሁሉም የየራሱን ጭነት በርሱ ጀርባ ላይ ይጭናል። እኔም ዛሬ ጥብቅና የቆምሁት ለዚህ አፍ ለሌለው ተከሳሽ ነው።

ነገሩ የተነሣው በሰቆጣ ከተማ ካለ አንድ የኳስ ማያ ቤት ነው። እናንተ «ዲ ኤስ ቲቪ ቤት» ትሉታላችሁ። ከቆርቆሮው ላይ ሳሕን ተተክሎ፥ በውስጡ አግዳሚ ወንበር ተደርድሮ፥ በበሩ ላይ ጥቂት ብር እየተከፈለ የእንግሊዝ አገር ኳስ የሚታይበት ቤት ነው። በዚህ ቤት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ስድስት ዓመት ሠርቷል። በበሩ ቆሞ ገንዘብ ይቀበላል፤ ነፋስ ሳሕኑን ሲያዘምመው ጣራ ላይ ወጥቶ ያቃናል፤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ያስነሣል፤ የአርሰናልና የማንቸስተር ደጋፊዎች ለድብድብ ሲነሡ በመካከል የሚገባውም እርሱ ነበር። አንድ ጊዜ እንዲያውም ለሌላ ሰው የተሰነዘረ ቡጢ ጥርሱን አነቃንቆበታል።

ዛሬ ልጆቹ ኢንተርኔት ባለ ጊዜ ጨዋታውን በየስልካቸው ያዩታል፤ በሌለ ጊዜም ውጤቱን ከሰው ሰምተው ይተኛሉ። አግዳሚው ወንበር ጎደለ። ባለቤቱም አንድ እሑድ ማታ ልጁን ጠርቶ፥ «ጊዜው ነው፤ ከነገ ጀምሮ አትምጣ» አለው። የመጨረሻውን የአሥራ አምስት ቀን ሒሳብም «ሲገኝ» ብሎ አሳደረበት።

ይኸንን ወሬ ቤቴ ቡና ስንጠጣ አነሣሁት። ከእንግዶቹ መካከል በዩኒቨርሲቲ ምጣኔ ሀብት የተማረ ሌላ ተማሪዬ ነበረና እንዲህ አለኝ፤ «ጋሼ፥ ይኸ እኮ በሰቆጣ ብቻ የሆነ አይደለም። በአሜሪካ ኢ ኤስ ፒ ኤን የሚባለው ታላቁ የስፖርት ቴሌቪዥን እንኳ ሠራተኞቹን በመቶ እየቆጠረ አሰናብቷል። ተመልካች ሲሄድ ሠራተኛም ይሄዳል። የገበያ ሕግ ነው፤ ማንም ማንንም አልበደለም።»

ልጁ ጨዋ ነው፤ የተናገረውም በክፋት አይደለም። ነገር ግን «ማንም አልበደለም» ያለው ቃል ሌሊቱን እንቅልፍ ነሣኝ። አርባ ዓመት ያህል ሒሳብ ያስተማረ ሰው ድምሩን ሳያይ ውጤቱን አይቀበልምና የዚህን የአሜሪካ ጣቢያ ነገር እየጠየቅሁና እያነበብሁ ተከታተልሁት። ያገኘሁትን ልንገራችሁ።

ኢ ኤስ ፒ ኤን በኮኔክቲከት ክፍለ ግዛት ብሪስቶል በምትባል ከተማ በ1979 እ. ኤ. አ. የተመሠረተ፥ ሌሊትና ቀን ስፖርት የሚያሳይ ጣቢያ ነው። ሀብቱን ያከማቸው ግን በማስታወቂያ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ቴሌቪዥን ወደ ብዙው ቤት የሚገባው ኬብል በሚባል ሽቦ ነበር። ሽቦውን የሚዘረጋው ኩባንያ ብዙ ጣቢያዎችን በአንድ ጥቅል አስሮ ይሸጣል፤ አንዱን የፈለገ ሰው ሌላውንም ሁሉ አብሮ መግዛት አለበት። ስለዚህ ኳስ ዐይታ የማታውቅ አንዲት አሮጊት የወጥ አሠራር ለማየት ብላ ጥቅሉን ብትገዛ፥ በየወሩ ከምትከፍለው ላይ የኢ ኤስ ፒ ኤን ድርሻ ይነሣል። ይኸም ድርሻ በ2017 እ. ኤ. አ. ገደማ በወር ከሰባት ዶላር በላይ ይገመት ነበር። በኛ ገበያ ጨው ሊገዛ የሄደ ሰው «በርበሬውንም ካልገዛህ ጨው አልሸጥልህም» ቢባል ሽማግሌ ይጠራል። እነርሱ ግን በዚህ ዐይነት ሽያጭ ለብዙ ዓመት ተቀምጠው በሉ።

በ2011 እ. ኤ. አ. ጣቢያው የሚገባባቸው ቤቶች ከ100 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። በኋላ የሚፈልጉትን ብቻ መርጦ በኢንተርኔት መግዛት ስለ ተቻለ ሕዝቡ ሽቦውን እያስቆረጠ ሄደ። በ2017 ቁጥሩ ወደ 88 ሚሊዮን ወረደ። ስንብቱም ተከታተለ፤ በ2015 ሦስት መቶ ያህል ሰው፥ በ2017 በሁለት ዙር ሁለት መቶ ሃምሳ ያህል፥ በ2020 ደግሞ ሌላ ሦስት መቶ። ከነዚህም መካከል ተመልካቹ በየማታው በመስኮቱ ሲያያቸው የኖረ ጋዜጠኞች ነበሩ፤ ስማቸው ያልታወቀ ካሜራ ያዦችና ቴክኒሺያኖችም ነበሩ።

ተማሪዬ ይኸን ስነግረው «ታዲያ አላልኩዎትም?» አለኝ። እኔ ግን ወረቀትና እርሳስ አመጣሁ።

88 ሚሊዮን ቤት በወር ሰባት ዶላር ቢከፍል በዓመት ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይሆናል። ይኸም የሆነው ተመልካቹ ሸሸ በተባለበት፥ ሰዎቹም በተሰናበቱበት በዚያው ዓመት ነው። እንግዲህ ጣቢያው ድኻ አልነበረም። ገንዘቡ ወዴት ሄደ? ብዙው የሄደው ጨዋታ የማሳየት መብት ወደሚገዛበት ሐራጅ ነው። ኢ ኤስ ፒ ኤን በ2011 እ. ኤ. አ. የሰኞ ማታውን የአሜሪካ ፉትቦል ለስምንት ዓመት በ15.2 ቢሊዮን ዶላር ተዋዋለ፤ በዓመት 1.9 ቢሊዮን መሆኑ ነው። በ2014፥ ሽቦ ማስቆረጥ ከተጀመረ በኋላ፥ ከሌላ ኩባንያ ጋር ሆኖ የቅርጫት ኳሱን ለዘጠኝ ዓመት በ24 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። አሁን ደግሞ በ2017 የመጀመሪያ ዙር የተሰናበቱትን መቶ ያህል ሰዎች እንያቸው። እያንዳንዳቸው በዓመት 300 ሺህ ዶላር ይቀበሉ ነበር ብለን አብዝተን ብንገምት ድምሩ 30 ሚሊዮን ነው። ለሰኞ ማታው ጨዋታ ብቻ በዓመት ከሚከፈለው ከስልሳ እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም።

እንግዲህ እጠይቃለሁ፤ በእነዚህ ውሎች ላይ የፈረመው ማን ነው? ጊዜ ብዕር ይዞ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም። የፈረሙት ስምና ማዕርግ ያላቸው ሰዎች ናቸው። የሠሩት ሒሳብ «ቤቱ መቼም አይጎድልም» በሚል ተስፋ ላይ ነበር። ተስፋው ሲከሽፍ ዕዳው የወረደው ግን ጠረጴዛው አጠገብ ቀርቦ በማያውቀው ሰው ላይ ነው።

ልጁ በቀላሉ የሚረታ አይደለም። «ጋሼ፥ ጨዋታውን ባይገዙትስ ኖሮ? ሌላው ገዝቶት ጣቢያው ባዶውን ይቀር ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ጨዋታ የሌለው የስፖርት ጣቢያ ሊጥ እንደሌለው ምጣድ ነው። ነገር ግን በሰኔ በውድ የገዛው እህል በጥቅምት የረከሰበት ነጋዴ ኪሳራውን ራሱ ይሸከማል እንጂ ወደ ኩሊው ኪስ እጁን አይሰድም። ቢሰድ ሌባ እንለዋለን። እጁን ሲሰድ «ጊዜው ነው» ቢል ስሙ ይለወጣልን?

ደግሞ በ2023 እ. ኤ. አ. የሆነውን ተመልከቱ። በዚያ ዓመት ኢ ኤስ ፒ ኤን ሃያ ያህል ታዋቂ የመስኮት ሰዎቹን ወጪ ለመቀነስ ብሎ አሰናበተ። በዚያው ዓመት ፓት ማካፊ የተባለውን አንድ አዝናኝ ተናጋሪ፥ በዜና እንደ ተነገረው፥ ለአምስት ዓመት በ85 ሚሊዮን ዶላር ውል አስገባ። በዚያው ዓመት ደግሞ ስሙን ለአሥር ዓመት በ1.5 ቢሊዮን ዶላር ለውርርድ ድርጅት አከራየ። ጨዋታውን በሚዛን የሚዘግቡትን አስወጥቶ አቋማሪውን በስሙ ማስጠራት ነው። (ይኸ የኪራይ ውል በ2025 መጨረሻ ፈረሰ። እንዲህ ያሉት የውርርድ ቤቶች በኛም ከተሞች በየጥጉ መብቀላቸውን የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ስለነርሱ ሌላ ቀን እጽፋለሁ።)

አትሳሳቱብኝ፤ አዲስ ነገር ሁሉ የሚያስቆጣው ሽማግሌ አይደለሁም። ሰቆጣ ጥንት የታወቀች የጨው ገበያ ነበረች። ከአፋር ቆላ ተቆርጦ የሚወጣው አሞሌ በአጋሰስ እየተጫነ በዋግ በኩል ወደ መሐል አገር ይሻገር ነበር። መኪና በመጣ ጊዜ አጋሰስ ነጂው ሥራ ፈታ። አያቴም ከነዚያ አንዱ ነበር። መኪናው ይመለስ ያለ ሰው መኖሩን አልሰማሁም፤ እኔም አልልም። ነገር ግን አያቴ ያገለገለው ነጋዴ ንግዱን ወደ መኪና ባዞረ ጊዜ ሁለት አጋሰስና የአንድ ክረምት ቀለብ ሰጥቶ ነው የሸኘው። «መንገዱ ተለወጠ እንጂ አንተ አልሞትህም» አለው ብላ አያቴ፥ ማለት ሚስቱ፥ ትነግረን ነበር። ያ ነጋዴ ቅዱስ ሰው አልነበረም፤ በሚዛኑም ይታማ ነበር። ቢሆንም መኪናው መጣ ብሎ አያቴን መንገድ ላይ አልጣለውም። የመኪናው መምጣት አንድ ነገር ነው፤ ሰውን መሸኛው ሌላ ነገር ነው። እነዚህን ሁለቱን እያምታቱ የሚናገሩትን ነው የምቃወመው።

አሁን በሰቆጣው ቤት ጣራ ላይ ወዳለው ሳሕን ልመለስ። ሳሕኑ የደቡብ አፍሪካው የመልቲቾይስ አገልግሎት ነው፤ ሱፐርስፖርት የሚባለው ጣቢያም የዚሁ ኩባንያ ነው። ይኸ ኩባንያ በ2020 እ. ኤ. አ. የአገራችንን ፕሪሚየር ሊግ ለአምስት ዓመት ለማሳየት በ22.5 ሚሊዮን ዶላር ተዋዋለ። ካሜራው ጅማ፥ ባሕር ዳር፥ ድሬዳዋና ሐዋሳ ድረስ ሄደ፤ የኛ ልጆች በአማርኛ ጨዋታ ሲያስተላልፉ ሰማን። መልካም ሥራ ነበርና ምስጋናውን አልነፍግም።

የዚህ ኩባንያ ደንበኛም ሸሽቷል። እስከ መጋቢት 2025 እ. ኤ. አ. በነበሩት ሁለት ዓመታት 2.8 ሚሊዮን ደንበኛ አጥቶ 14.5 ሚሊዮን ቀረው፤ በዚያው ዓመት መስከረም ካናል ፕሉስ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ጠቀለለው። እንግዲህ ሠራተኛ ቢቀንስ «ተመልካች ስለ ሸሸ ነው» ይባላል። ነገር ግን ስልክ የሚያነሡና ደንበኛ የሚያስተናግዱ ሰዎች የያዙት 2,194 የሥራ ቦታ በቅነሳ እንደሚነካ ኩባንያው ያስታወቀው መቼ ነበር? በ2019 እ. ኤ. አ. ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ደንበኞቹ እየበዙ ነበር። ያን ጊዜ የተሰጠው ምክንያት ደንበኛው ጉዳዩን በስልኩ ራሱ መጨረስ ጀመረ የሚል ነበር። ልብ በሉ፤ ደንበኛ ሲጎድል ሠራተኛው ይሰናበታል፤ ደንበኛ ሲበዛም ሠራተኛው ይሰናበታል። ምክንያቱ እየተለዋወጠ ፍርዱ ሁልጊዜ አንድ ከሆነ ምክንያቱ ምክንያት አይደለም።

በአዲስ አበባ ደግሞ ሌላ ነገር ደረሰ። በኤፍ ኤም ሬዲዮ የሚተላለፉት የስፖርት ዝግጅቶች አብዛኛዎቹ የአየር ሰዓት ገዝተው የሚሠሩ፥ ገንዘባቸውንም ከቢራ ማስታወቂያ የሚያገኙ ነበሩ። በ2011 ዓ. ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የመጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ከለከለ። እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ፥ ቢራ ሲወደስ ጆሮዬን የሚያመኝ ሰው ነኝና አዋጁን ደግፌዋለሁ፤ ዛሬም እደግፈዋለሁ። ነገር ግን ማስታወቂያው ሲቀር እንጀራው የሚቀርበት ማን እንደ ሆነ ያን ጊዜ አልጠየቅሁም። ጠማቂው መጥመቁን ቀጠለ፤ ችግር ላይ የወደቀው ማይክሮፎን የያዘው ልጅ ነው። መልካም ሕግ ሲወጣ አጨብጭቦ ወደ ቤት መግባት ቀላል ነውና ራሴንም ከዚህ ወቀሳ አላወጣም።

ወጣት አንባቢዬ፤ «ተመልካች ከሌለ ሠራተኛ ለምን ይኖራል?» የሚለው ጥያቄ ብልህ ይመስላል። በዋግ ኽምራ ለምንኖር ግን ይኸን ጥያቄ ሳናስብ መድገም አይበጀንም። የአማራ ክልል መገናኛ ብዙኃን በኽምጥኛ ቋንቋ ዝግጅት ያስተላልፋል። ጭንቅላት ብቻ ቢቆጠር ኖሮ የዚያ ዝግጅት ጋዜጠኞች የመጀመሪያዎቹ ተሰናባቾች በሆኑ ነበር፤ አንዲት ትልቅ ከተማ ያላትን ሰሚ አያገኙምና። ነገር ግን ዝግጅቱ የሚተላለፈው አንዲት የዝቋላ ወይም የአበርገሌ እናት በገዛ ቋንቋዋ መስማት ስለሚገባት ነው። ሰውን በቁጥር ብቻ መዝኑ የሚለው ምክር ዛሬ በሩቅ አገር ጋዜጠኛ ላይ ሲፈጸም ብታጨበጭቡ፥ ነገ ሚዛኑ ወደኛ ተራራ ሲመጣ የምትከራከሩበት ቃል ያልቅባችኋል።

የድምፅ ዋጋ ምን እንደ ሆነም ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። በ1980 ዓ. ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፋ የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ የሆነውን ሁሉ በድምፁ ያደረሰልን ደምሴ ዳምጤ ነበር። ከተጫዋቾቹ የግማሾቹን ስም የረሳ ሰው የርሱን ድምፅ አልረሳም። ከሐራጅ በሚሊዮን የሚገዛው ጨዋታው ነው፤ ጨዋታውን ወደ ሰው ልብ የሚያስገባው ግን ሰው ነው።

እናንተንም ሳልነካ አላልፍም። ጨዋታውን በቴሌግራም ከተሰረቀ መስመር እያያችሁ በማግሥቱ «ምስኪን፥ ጊዜው ሥራውን ነጠቀው» ስትሉ እሰማለሁ። የምትሉት ጊዜ እኮ በእጃችሁ ያለው ስልክ ነው። ዋጋው ተወድዶባችሁ ከሆነ አልፈርድም፤ ወጣት ኪሱ ባዶ መሆኑን አውቃለሁ። ሳሕኑን ትታችሁ ወደ ስልክ መሄዳችሁም መብታችሁ ነው። ነገር ግን የሰረቀ ሰው መስረቁን ይወቅ፤ ያሰናበተም ሰው ማሰናበቱን ይወቅ፤ ሁለቱም ለጊዜ አያስረክቡ።

በመጨረሻ የዚያን ልጅ ሒሳብ ሠራሁ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት የመዝገብ አያያዝ ያስተማሩን መምህር የሰው ዕዳ በእርሳስ አይጻፍም ይሉን ነበርና በቀለም ጻፍሁት። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ገበያ ሲቀዘቅዝ ሠራተኛ መቀነስን አይከለክልም። ነገር ግን «ከነገ ጀምሮ አትምጣ» አይልም። ከአንድ ዓመት በላይ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ ሰው የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይሰጠው ይላል። የስንብት ክፍያውም ለመጀመሪያው ዓመት የሠላሳ ቀን ደመወዝ፥ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ ነው። ስድስት ዓመት ላገለገለ ሠላሳ ሲደመር አምስት ጊዜ አሥር፥ ሰማንያ ቀን ይሆናል። በዚህ ላይ «ሲገኝ» የተባለው አሥራ አምስት ቀን አለ።

ወረቀቱን ይዤ ወደ ባለቤቱ ሄድሁ። እርሱም ተማሪዬ ነበር፤ ሰቆጣ ትንሽ ከተማ ናት። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበበና «ጋሼ፥ ይኸ ሕግ ለትልልቆቹ ኩባንያዎች የወጣ አይደለም እንዴ?» አለኝ። «ትልልቆቹስ ምን የሚሉ ይመስልሃል?» አልሁት። ዝም አለ። ጥቂት ቆይቶ ሳሕኑን ለመሸጥ ገዢ እየፈለገ መሆኑን፥ የሁለት ወር የቤት ኪራይም እንዳለበት ነገረኝ። እውነቱን እንደ ሆነ ከፊቱ አየሁ፤ አዘንሁለትም። ወረቀቱን ግን መልሼ አልወሰድሁም። ሰማንያ ቀኑን በአንድ ጊዜ ባይችል በየወሩ ከፍሎ የሚጨርስበትን መንገድ እንድንነጋገር ቅዳሜ፥ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት፥ ልጁን ይዤ እንድመጣ ቀጠረኝ።